በስድስት ግልባጭ የተከሰሰው ዲስክ

ለክቡር የማዕከላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዲስኩን የማላስረክብ መሆኔን በአክብሮት ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ሙቀት እንዳይነካው ቀን ከሌት የምታቀዘቅዙት ሰርቨርም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ነው። በሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥሪያ ክፍል ከጀሶ አቧራ ጋር ውዬ የምገባው እኔ ሠራተኛዎ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

መልሴን በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ መስጠት ሲገባኝ በመግቢያው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት ነው ቢሉኝ አልከራከርዎትም። ነገሩ ግን በዚያ ሰሌዳ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች እግር የሚመለከት ስለሆነ፣ ባለቤቶቹ ቢያነቡት ነውር የለውም ብዬ ነው።

ለእነሱ ስል አንድ ሁለት ነገር ላስረዳ። ለአንድ ሰው እግር ስንሠራ፣ ከተቆረጠው የቀረው እግር የሚገባበት ማቀፊያ በየሦስት ሴንቲሜትሩ ተለክቶ፣ አጥንቱ የት እንደሚያገጥጥ፣ ቆዳው የት እንደሚሳሳ፣ መርገጫው ወዴት እንደሚያዘነብል ተጽፎ፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የተነሣው ቅርጽ ተጨምሮበት በካርድ ቁጥሩ ይቀመጣል። ድሮ ቅርጹን ራሱን በጀሶ ሠርተን በመደርደሪያ ላይ ቁጥር ጽፈን እናኖር ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ያ ክፍል ለሰርቨሩ ማረፊያ ሲፈለግ፣ «ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ካለ ይሄ ድንጋይ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው እርስዎ አዘዙና ጀሶዎቹ በመዶሻ ተሰባብረው በጭነት መኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ሰው ልኬት ያለው በመሥሪያ ክፍላችን ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባው አንሶላ በምናለብሰው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ነበር ማለቴን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ እገባለሁ። ክፍልዎ ቁጥር ስለሚወድ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ/ የዛሬ ሦስት ዓመት ስለወጣው መመሪያ።

መመሪያው የየክፍሉ ፋይል በየወሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ እየተቀዳ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ በዚያው ማንም ሠራተኛ የሥራ ፋይል ቅጂ በግሉ ዲስክ እንዳይዝ ይከለክላል። የመጀመሪያው እጅግ ያስደሰተኝ ስለነበር፣ እርስዎ ከአንድ ባለሙያ ጋር መጥተው ኮምፒውተሩን ሲያስተካክሉ ወንበሬን ለቅቄ ጀሶ ያልነካው ፎጣ አንጥፌልዎት ነበር። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሲጨርሱ፣ «እስቲ አንድ ካርድ ከሰርቨሩ መልሰን እናምጣና እንየው» ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «እህቴ፣ አውሮፕላን ስትሳፈሪ ክንፉን እየነቀነቅሽ ነው እንዴ የምትገቢው?» አሉኝ። ባለሙያዎ ሳቁ፤ እኔም ለአክብሮት ያህል ሳቅሁ።

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። በእኛ ክፍል ግን የተሠራ እግር በሁለቱ የመለማመጃ ብረቶች መካከል ሄዶ ሳይመለስ፣ ባለቤቱም «እዚህ ጋ ይነካኛል» ወይም «ተስማምቶኛል» ሳይል ከበር አይወጣም። «ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ለጥፈን ሰውየውን በደረጃው አናወርደውም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ በስንዝር ለክተው ከሜትሩ እኩል ስለሚያገኙ ጋሽ ስንዝር የምንላቸው፣ ልኬትን ሁለት ቦታ ሳልጽፍ ከወንበሬ እንድነሣ አይፈቅዱልኝም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ከእሳቸው የለመድሁት አልለቅ ብሎኝ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከመውጣቴ በፊት የካርዶቹን ፎልደር መዳፍ በምታክል ዲስክ ላይ እየቀዳሁ ቤቴ እወስድ ነበር። ስም አልቀዳም፤ የካርድ ቁጥርና ልኬት ብቻ። መመሪያዎን እየጣስሁ መሆኔን ያኔም አውቅ ነበር፤ አሁንም አልክድም።

2ኛ/ ስለ እድሳቱ ቀን።

ባለፈው ወር በአንድ ሰኞ ዕለት ባለሙያዎ ኮምፒውተራችንን በአዲስ ሲስተም ሊያድሱ መጡ። እኔ ያን ጊዜ እስከ ክንዴ ጀሶ ውስጥ ገብቼ የአንድ ሰውዬ እግር እየጠቀለልሁ ነበር። ባለሙያው በር ላይ ቆመው፣ «ፋይላችሁ ሰርቨር ላይ አለ አይደል?» ብለው ጠየቁ፤ እኔ አፌን ሳልከፍትም «አለ፣ አለ» ብለው ለራሳቸው መለሱ። ታጥቤ ስወጣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ እንደ ሙሽራ አምሯል። ፊቱ ላይ የአረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል አለ። ፎልደራችን የለም።

«ፋይላችንስ?» አልሁ።

«አሥር ደቂቃ ታገሺኝ፤ ከሰርቨሩ እመልሰዋለሁ።»

አልዋሹም፤ በአሥር ደቂቃ የእኛን ፎልደር ስም የያዘ ቢጫ ምልክት መጣ። ስከፍተው «የተፈለገው ነገር አልተገኘም» አለ። ያለፈውን ወር ቅጂ አመጡ፤ ያም እንደዚያው። ከዚያ በፊት ያለውን አመጡ። ሠላሳ ስድስት ወር አለን፤ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሠላሳኛው ላይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ያን ዕለት በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ሰርቨሩ እንዲቀዳ የታዘዘው ፎልደሩ አልነበረም። በዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠው ሾርትከት፣ ማለት ተጭነነው ወደ ፎልደሩ የምንገባበት ምልክት ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ሦስት ዓመት ሙሉ «ፋይሉ በዚያ በኩል ነው» የሚል ጣት በጥንቃቄ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ጣቱ አሁንም አልጠፋም፤ የሚጠቁመው ነገር ነው የሌለው። ከተደመሰሰው ላይ ቆፍረው ለማውጣት የሞከሩትም፣ አዲሱ ሲስተም ስለተጻፈበት፣ ከተሰባበሩ ምስሎች በቀር የሚረባ አላስገኘም።

ባለሙያዎን አልወቅሳቸውም። ላብ በላብ ሆነው ከፊቴ ተቀምጠው፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ» ብለውኛል። ይህን ቃል ከክፍልዎ የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ ነው።

3ኛ/ ስለ ቃለ ጉባኤው።

በማግስቱ በተደረገው አስቸኳይ ስብሰባ «ባክአፑ በታቀደው መሠረት በየወሩ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ተመዝግቧል። ለዚህ ትክክለኛ አገላለጽ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

4ኛ/ ስለ ልብስ ሰፊዋ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዘጠኝ ዓመት የምናውቃቸው ልብስ ሰፊ ከሩቅ መጡ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች እኛ የሠራነው ነው። የማቀፊያው ጠርዝ ተሰንጥቆ ደረጃ ላይ ጥሏቸዋል፤ በክራንች እየተደገፉ ነው የገቡት፤ ማቀፊያው ውስጥ የሚገባው የቀረው እግርም አብጧል። እትዬ የሚሰፉት በእግር በሚረገጥ መኪና ሲሆን መርገጫውን የሚረግጡት በዚሁ በእኛ እግር ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ልብስ ሊሰፉ ተስማምተው፣ ጨርቁ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረና ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት እንደማይሞላ ነገሩኝ።

ያበጠ እግር ለክቶ ማቀፊያ መሥራት አይቻልም፤ እብጠቱ ሲወርድ እግሩ ውስጡ እየዋለለ ቆዳውን ይልጠዋል። ሐኪማችን አይቷቸው በአራት በአምስት ቀን እንደሚወርድ ተናገረ። የእንግዳ ማረፊያችን ደግሞ ለአንድ ሰው ከአምስት ሌሊት በላይ አይሰጥም። እብጠቱ እስኪወርድ ጠብቀን ለክተን ብንጀምር፣ እግሩ ሳይደርስ እሳቸው በክራንች ይመለሳሉ ማለት ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ነበር፤ በድሮው ልኬት ከዛሬ ጀምሮ ሠርቶ፣ እብጠቱ በወረደ ዕለት ማጥለቅ።

እሳቸውም ይህን ከእኔ ቀድመው አስበውታል። «የድሮው ልኬ አለ አይደል፣ ልጄ? በእሱ ሥሪልኝ። እኔ እንደሆን ከዚያ ወዲህ ኪሎ አልጨመርሁ» አሉኝ። ፊቴን አዩና፣ «ጠፋ ብቻ እንዳትዪኝ» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት መመሪያዎን አላስታወስሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አስታውሼዋለሁ። አስታውሼም ቦርሳዬን አንሥቼ በምሳ ሰዓት ቤቴ ሄድሁ።

እናቴ ከአንሶላ መሳቢያው ውስጥ እጄን ከትቼ ስፈልግ አይታ፣ «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ።

«እግር።»

«የማን?»

«የብዙ ሰው፣ እማዬ።»

ሌላ ሳትጠይቀኝ መሳቢያውን ከሥሩ ያዘችልኝ።

በአዲሱ እድሳት የውጭ ዲስክ የሚሰካበት ቦታ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ለጊዜው ስለተዘጋ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረውን የራሴን ላፕቶፕ ይዤ ተመለስሁ። ከምንም በፊት ዲስኩን እንዳለ ወደ ላፕቶፑ ቀዳሁት፤ ተጣድፎ ያለውን አንድ ቅጂ ማበላሸት ከክፍልዎ ጋር መፎካከር ይሆንብኝ ነበር። ሲቀዳ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በየዓርቡ እቀዳለሁ እንጂ መልሼ ከከፈትሁት አምስት ወር አልፎኛል። እርስዎን የምወቅስበት አፍ ደረቀብኝ። ከጎኔ የነበረችው ባልደረባዬ «አትንኪው፤ ይጨርስ» አለችኝ። እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥሁ። ጨረሰ።

የእትዬን ካርድ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባትን ከፈትሁ። ልኬቱ አለ። የመርገጫው ዝንባሌ አለ። ቅርጹ በስክሪኑ ላይ ተገላበጠልኝ። ከሥሩም ከሦስት ዓመት በፊት ራሴ የጻፍሁት፣ «በውስጥ በኩል አጥንቱን ይነካቸዋል፤ ሁለት ሚሊ ይስፋ» የሚል አለ። ወጥቼ «ልክዎ አለ፣ እትዬ» ስላቸው፣ «ታዲያ ምን አስደነገጠሽ?» ብለው ተቆጡኝ። ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት እብጠቱ ወርዶ እግሩ ጠለቀ። በብረቶቹ መካከል ሄዱ፤ ተመለሱ። «የሚነካዎት አለ?» አልኋቸው። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው እንደ ስፌት መኪናቸው መርገጫ ጣቱን፣ ተረከዙን፣ ጣቱን፣ ተረከዙን እያፈራረቁ ረገጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ረገጡ። ከዚያ «ልብስ ይሰፋል» አሉና ክራንቹን እዚያው ትተውልን ሄዱ።

5ኛ/ ከዚያ ወዲያ ስለሆነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍልዎ የካርዶቹን ቅጂ እንድሰጥ ጠየቀኝ። ጥያቄው በቃል ነበር፤ ደብዳቤ አልነበረውም፤ የጠየቁኝም ሰው በኮሪደሩ ግራና ቀኙን አይተው ነው። ሰጠሁ። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለቱ አራት ጎደሉ፤ ከመጨረሻው ዓርብ በኋላ የተለኩ ነበሩ። ለአራቱም ስልክ ደውዬ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሦስቱ ተመልሰው መጥተው ተለክተዋል፤ አራተኛው ገና በመንገድ ላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ በወጣው የማዕከላችን ዜና ላይ «ክፍሉ ባደረገው የተቀናጀ ርብርብ መረጃው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል» የሚል አነበብሁ። አጠገቡ እርስዎ ከሰርቨሩ ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶ አለ። ጥሩ ወጥቷል፤ ኮቱ ያምርብዎታል።

6ኛ/ ስለ ማስጠንቀቂያው።

ዜናው በወጣ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ያልተፈቀደ ቅጂ በመያዜ ጥፋተኛ ነኝ፤ ዲስኩን በአሥር ቀን ውስጥ ላስረክብ፤ ሌላ ቅጂ ካለኝም ደምስሼ መደምሰሴን በፊርማዬ ላረጋግጥ። በግርጌው ግልባጭ የተደረገላቸውን ቆጠርሁ፤ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ለሰው ኃይል፣ ለሕግ አገልግሎት፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ለግል ማኅደሬ፣ ለክፍልዎ መዝገብ ቤት። ስድስት። የአንዲት ሠራተኛ ጥፋት እንዳይረሳ በስድስት ቦታ ያኖረ ክፍል፣ የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት ሰው እግርና እጅ በሁለት ቦታ መገኘቱን ወንጀል ብሎ ጻፈ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በሦስተኛው ሳቅ አመለጠኝ።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልዎ።

ከደብዳቤዎ አንድ ሐሳብ እቀበላለሁ። የሰው ልኬት፣ ስም ባይኖረውም፣ በአንሶላ መሳቢያ ውስጥ ያለ ቁልፍ መቀመጥ አልነበረበትም። ይህ ጥፋቴ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ዛሬ በይለፍ ቃል ተቆልፎ በመሥሪያ ክፍላችን የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ሁለተኛው ቅጂም በዚያው ዓይነት ተቆልፎ ከግቢው ውጭ በሐኪማችን ክሊኒክ ካዝና ተቀምጧል። ቁልፉን ማን እንደወሰደና መቼ እንደመለሰ የሚጻፍበት መዝገብ ከፍተናል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የፈረሙት የክፍላችን አለቃ ናቸው፤ ፈርመው ሲያበቁም፣ «ከጠየቁሽ አለቃዬ አዝዞኛል በዪ» ብለውኛል። አላዘዙኝም። ግን ስላሉኝ ደስ ብሎኛል።

የቀረውን አልቀበልም። ዲስኩን አላስረክብም። ቅጂውን አልደመስስም። ያልደመሰስሁትን ደምስሻለሁ ብዬ አልፈርምም፤ ሳያዩ «ተከናውኗል» ብሎ መፈረም ምን እንደሚያመጣ በቅርቡ ተምሬያለሁና። በየዓርቡ እቀዳለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ በዘፈቀደ የሚጠሩልንን አምስት ቁጥሮች ከዲስኩ መልሰን እንከፍታለን። የተከፈተው ይጻፋል፤ አልከፈት ያለውም ይጻፋል። ባለፈው ሰኞ አምስቱም ተከፍተዋል። በሚቀጥለው እርስዎ ቢመጡ የራሴን ወንበር እለቅልዎታለሁ።

የሰጡኝ አሥር ቀን ሐሙስ ያልቃል። ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በቦታዬ ነኝ፤ ሊያግዱኝ ቢመጡ ሩቅ አይፈልጉኝ። ከታገድሁም ሥራው አይቆምም፤ አራቱም ባልደረቦቼ መቅዳቱንም መመለሱንም ተምረው ተራ አውጥተዋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ካለብዎ አራት ተጨማሪ ያዘጋጁ። ግልባጩን እርስዎ ያውቃሉ።

ጊዜዎን ወስደው ስላነበቡልኝ፣ ጀሶዎቻችንን ካስነሡበት ክፍል ሆነው ስለ ደህንነታችን ስለሚጨነቁ፣ እንዲሁም አንዲት እግር ሠሪ ሴት በሃምሳ ዓመቷ ስለ ፋይል አያያዝ አጥርታ እንድታውቅ ስላደረጉ፣ ወሰን በሌለው አክብሮትና በፍጹም እምቢታ እሰናበትዎታለሁ።

ካርድ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባትን ያልጣለችው
የሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍል ሠራተኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከክፍልዎ አንድ ሰው ላፕቶፕ በጋዜጣ ጠቅልለው መጥተው፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውንና የልጃቸውን ፎቶዎች በዲስክ እንዴት እንደሚያስቀምጡ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ማን እንደሆኑ አይጠይቁኝ፤ አልነግርዎትም። አሳየኋቸው፤ ቀድተን፣ መልሰን፣ ከፍተን አየን። ሲወጡ፣ «እዚያው ሰርቨራችሁ ላይ ለምን አታስቀምጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ጋዜጣውን እያጠፉ፣ «እንዴ፣ እኔ እኮ እዚያ ነው የምሠራው» አሉኝ።